ለፍሬ ጫጩቶች የዘረጋሁት የናፍጣ መስመር

ሰኞ፣ ኅዳር 7፤ ከቀኑ 10 ሰ.

በርሜሉ ቆመ። ከግድግዳው ውጪ፣ ብረት መቆሚያ ላይ፣ ከኔ ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ። ናፍጣው በራሱ ክብደት ወደ ሁለቱ ማሞቂያዎች ይወርዳል። ፓምፕ አያስፈልግ፣ መብራት አያስፈልግ። ደብተሬ፣ ይህን ያሰበው ማን ይመስልሃል? እኔ ነኝ። የትም ሳልማር።

የጫጩት ቤቱ የፍሬ ነው፤ የእህቴ ልጅ። ዓርብ አራት መቶ የአንድ ቀን ጫጩት ከደብረ ዘይት ይመጣላታል። የሰኔዎቹን በአምፖል ነበር የምታሞቃቸው። መብራት በፈረቃ ሆነና ግማሾቹ በብርድ አለቁባት። ወንድሞቿ መርካቶ ሱቅ አላቸው፤ በየሳምንቱ እየደወሉ ነይ ይሏታል። እነዚህም ከሞቱ እሄዳለሁ ብላ ቃል ሰጥታለች። ፍሬ ከባንኮኒ ጀርባ ተቀምጣ አትታየኝም። ቡታጅራ ያለሷ ደግሞ ጭራሽ አትታየኝም፤ ማንን ላበሽቅ?

ዛሬ ስድስት መጋጠሚያ አሰርኩ። የቧንቧው ጥርስ ላይ ቃጫ እየጠመጠምኩ፤ የገዛ እንሰታችንን፣ ከአገና ያመጣሁትን። ሐጂ ሸረፋ፣ የቧንቧ ዕቃ ሻጩ፣ ለናፍጣ ቃጫ አይሆንም፣ መዳብ ውሰድ ብሎኝ ነበር። የጉራጌን ቤት አስሮ ያቆመ ቃጫ ያንተን ናፍጣ ያቅተዋል? አልኩት። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ሐጂ ብቻ አልሳቀም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9፤ ማምሻውን

መስመሩን በውሃ ሞላሁት። ግማሽ ቀን ጠበቅሁ። ጠብታ የለም! ፍሬን ጠርቼ ጣቷን በየመጋጠሚያው አስዞርኳት። ደረቅ። ውሃውን አፍስሼ ናፍጣ ለቀቅሁበት። ሁለቱም ማሞቂያ ነደዱ። ቤቱ ወዲያው ሞቀ።

ጫጩት ሆነሽ ሞክሪው አልኳት። ማሞቂያው ሥር ቁጢጥ አለች። ጭው ጭው በይ አልኳት። አለች! የሠላሳ ዓመት ሴት።

ማሞቂያዎቹን አጠፋሁ፤ ናፍጣው መስመሩ ውስጥ ይደር። ስመለስ ሆን ብዬ በሐጂ ሱቅ በኩል አለፍኩ። እያፏጨሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10፤ ጠዋት 1 ሰ.

ገና በሩ ላይ ሸተተኝ። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ሰጋቱራ ሦስት ቦታ ርሷል፤ ሦስቱም ከመጋጠሚያ ሥር።

አሁን ገባኝ። ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ቀዳዳውን ይደፍናል። በናፍጣ አያብጥም። ትናንት የያዘው ውሃው ነበር። ሞኙ በውሃ ፈተንኩት! ናፍጣ የነካው ሰጋቱራ፣ አጠገቡ እሳት፣ መሐሉ ላይ አራት መቶ ጫጩት። ማታ አለማንደዴ እግዚአብሔር ይመስገን።

ፍሬ መጣች። ስነግራት ሳቀች።

«ጋሼ፣ አንተው ነህ ያፈሰስከው! ዛሬ እንኳ ተወኝ።»

አልፈርድባትም። ባለፈው ወር ከጨርቅ የሰፋሁትን አይጥ እንቁላል መያዣዋ ውስጥ የከተትኩባት ሰው ነኝ። ሳልስቅ ወደ ረጠበው ሰጋቱራ ጠቆምኳት። ሳልስቅ አይታኝ አታውቅም። ሳቋ ቆመ። ጎንበስ ብላ ሰጋቱራውን አሸተተች። ነገ ይደርሳሉ እኮ አለች። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ሳሙና ቢለጠፍበት ጥቂት ቀን ይይዛል። ሐጂም አይሰማ፣ ማንም አያውቅ። አሰብኩት፤ ላንተ አልዋሽም። ከዚያ የቧንቧ መፍቻዬን፣ ፓፓጋሎዬን አንስቼ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈታሁት።

ያው ቀን፣ ማታ 5 ሰ.

ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። አሰላሙ አለይኩም አልኩ፤ በጣም አክብሬ። ወዲያው ነቃብኝ።

«ወአለይኩም ሰላም። ቃጫው ደህና አደረ?»

«ለአህያ ጭነት ነው የሚሆነው። መዳቡን ስጠኝ።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ይገባኛል። ሐጂ ግን ዛሬም አልሳቀም፤ የመዳቡን ጥቅል አወረደ፣ የቧንቧ አፍ ማስፊያውንም አዋሰኝ። በዚህ አሠራር ቃጫም ምንም የለም፤ የሰፋው አፍ ራሱ መጋጠሚያው ውስጥ ተጠብቆ ይዘጋል። እዚያው ሱቁ ውስጥ ስሞክር የመጀመሪያዎቹን ሁለት አፎች ሰነጠቅኋቸው። ሐጂ ከባንኮኒው ወጥቶ መጣ።

«ቀስ በል አንተ ሰውዬ! ሊጥ አይደለም።»

ሦስተኛው አማረ። ሲያምር ደግሞ እንዴት እንደሚያምር! ከዚያ ፍሬ ዘንድ ተመልሼ እስከ ማታ ስሠራ ዋልኩ። አሁን ናፍጣ ሞልቼ፣ ከየመጋጠሚያው ሥር ጋዜጣ አንጥፌ ወጣሁ። ርጥቡን ሰጋቱራ ፍሬ ጠርጋ አውጥታ አዲስ አነጠፈች።

ዓርብ፣ ኅዳር 11፤ 9 ሰ.

ጋዜጦቹ ደረቅ! ሁሉም! አንድ በአንድ አነሳናቸው፤ ፍሬ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አንስታ አየች። አላመነችኝም። ትክክል ናት።

ጫጩቶቹ 6 ሰዓት ላይ ደረሱ። መጀመሪያ እርስ በርስ ተደራረቡ። ሙቀቱ ሲደርሳቸው አንድ በአንድ ተለያዩ፣ ወለሉ ላይ እኩል ተበተኑ፣ መጠጣት ጀመሩ። ከበረዳቸው ይከማቻሉ፣ ከሞቃቸው ይሸሻሉ፤ እነዚህ አልተከማቹም፣ አልሸሹም። መብራት 7 ሰዓት ላይ ጠፋ። አንዳቸውም አላወቁም።

በሕይወቴ ብዙ ቧንቧ ዘርግቻለሁ። እንዲህ ቆሜ ያየሁት የለም።

እሁድ፣ ኅዳር 13፤ ከጸሎት ቤት መልስ

ሁለት ቀን፣ ሁለት ጊዜ መብራት ጠፋ፤ ጫጩቶቹ እየበሉ ነው። ታላቅ ወንድሟ ደወለ። አጠገቧ ነበርኩ። ባንኮኒው ላይ ሌላ ሰው አስቀምጡ፣ እኔ ሥራ አለብኝ አለችው። ዘጋችው። ጣሪያውን አየሁ፤ ዓይኔ ውስጥ ሰጋቱራ ገብቶ ነው እንግዲህ።

ከሰዓት አንድ ዶሮ አርቢ ከወልቂጤ መጣ። ለእኔም ዘርጋልኝ አለ። አንድ ጊዜ ተሳስቼ ፈትቼዋለሁ አልኩት፤ ከሐጂ ሱቅ ሳይሰማው ከኔ ይስማ። ሰውዬው አመነታ። ፍሬ ጣልቃ ገባች።

«የተሳሳተውን ውሰድ። ያልተሳሳተው አንተ ቤት መጥቶ ነው የሚሳሳተው።»

ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ መጋጠሚያዎቹን ግን እኔ ራሴ መጥቼ ነው የማያቸው አለች። እሺ አልኩ፤ ሰውዬውም ተስማማ። ማክሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ወልቂጤ እንሄዳለን፤ መስመሩን እኔ እዘረጋለሁ፣ ናፍጣ የሚለቀቀው እሷ ፈትሻ ይሁን ስትል ነው።