የአንድ ዶርም ፍራሽ ጉዳይ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን ዋና ሬጅስትራር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወንበርዎስ ተመችቶዎታል? እኔ ሳዑዲ፣ ጂዛን አጠገብ ባለችው አቡ ዓሪሽ፣ በሰው ቤት ተቀጥሬ፣ ኢቃማዬን (የመኖሪያ ፈቃዴን) ይዤ ከነወበቁ ደህና ነኝ።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ውጊያው ሲቃረብ በአንድ ቀን ማስታወቂያ ግቢውን ልቀቁ ከተባልነው የአራተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች አንዷ ነኝ። በመጪው መስከረም ተመልሼ እንድማር የፈቀደልኝም የእርስዎ ቢሮ ነው።

ቤተሰቡ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል፣ የአሠሪዬ የመዳም ልጅ በተወችልኝ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ አንድ ሶፍትዌር ላይ እሠራለሁ። ሶፍትዌሩ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ የሚያሳየውን ግዙፍ መረብ፣ በሙያው ቋንቋ ግራፍ የሚባለውን፣ አንድም ግንኙነት ሳይጠፋ በጠባብ ቦታ አጣጥፎ የሚያስቀምጥ ነው። ባለቤቶቹ ያስተካከልኩትን ተቀብለው፣ ክረምቱን ከሌሎች ተማሪዎች ጋር እንድሠራ መረጡኝ። የጠየቁኝ ተማሪ መሆኔን የሚገልጽ፣ ማህተም ያረፈበት አንድ መስመር ደብዳቤ እስከ ግንቦት ሠላሳ እንዳቀርብ ብቻ ነበር።

ስለሆነም ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. ለአሥራ አንዱም ኢሜይሎቼ መልስ ስላልሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ ትሕትና የተሞላበት አጻጻፍ ተለማምጄባቸዋለሁ።

2. በአካል ካልቀረብኩ ወኪል እንድልክ በጸሐፊዎ በኩል ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። መዳም ሁለት ቀን ፈቅዳልኝ ጅዳ ቆንስላ ድረስ ሄጄ፣ ውክልናውን ለእናቴ ለወይዘሮ ኢታፈራሁ ልኬያለሁ። በዚሁ አጋጣሚ ጅዳንም አየሁ።

3. እናቴ ውክልናውን ይዛ ከገጠር ስትመጣ፣ ከዶርም የተረከብኩት ፍራሽ ስላልተመለሰ ክሊራንስ እንደሌለኝ፣ ደብዳቤም እንደማይሰጠኝ ተነገራት። ያንን ፍራሽ እኛ ከወጣን በኋላ ግቢው ውስጥ ለተጠለሉ ተፈናቃዮች ያደለው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው፤ ፎቶውን በገጻችሁ ላይ አይቼ ኮርቼባችሁም ነበር። እናቴ ግን ከሹም ጋር መከራከር አልለመደባትም። ቤቷ ተመልሳ የራሷን ፍራሽ ከአልጋዋ ላይ አንስታ፣ ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭና አመጣችላችሁ። የንብረት ክፍሉ ባልደረባ አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲው መለያ ቁጥር ስለሌለበት መረከብ እንደማይችሉ በአክብሮት ገለጹላት። ይህን በስልክ ስትነግረኝ ፍራሹ ንጹሕ እንደነበር ደጋግማ አስረዳችኝ፤ እንዳይንቁባት ሽፋኑን አጥባው ነበር። እኔ ያን ጊዜ ደብዳቤውን ረስቼ አለቀስሁ።

4. መቶ ሚሊዮን ግንኙነት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ በማስገባቴ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ቢሮዎ ግን አንድ መስመር ጽሑፍ አራት ወር ሙሉ መዘርጋት ችሏል። በሙያው በልጠውኛልና እጅ ነሥቻለሁ።

ግንቦት ሠላሳ አልፏል። የሶፍትዌሩ ባለቤቶች ቦታዬን ለሌላ ተማሪ ሰጡት፤ አዝነው ስለጻፉልኝ አልፈርድባቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ሞክሪ ይሉኛል። መስከረም ላይ ብመለስም ያው ፍራሽ እንደሚጠየቅብኝ ስለማውቅ፣ የሥራ ውሌን ለሁለት ዓመት አድሻለሁ።

ለማህተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለመሳቢያዎም የማይጠፋ ቁልፍ እየተመኘሁ፣

ፋይሏ በእጅዎ ያለ፣ እርሷ ግን የሌለች ታዛዥ ተማሪዎ
ሔዋን ታፈሰ
አቡ ዓሪሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ቀኑ እንዳለፈ አታውቅም፤ ልነግራት አልቻልኩም። ሰኞ ጠዋት ደግማ ልትመጣ ነው። እባክዎ እውነቱን አይንገሯት፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ብለው ይመልሱልኝ። ይህን ማለት እንደማይከብድዎ አውቃለሁ።