የአስቴር ደብተር

መስከረም 9፣ ሆሳዕና

የሱቄ የፌስቡክ ገጽ ድንገት ከተዘጋ ዛሬ ዐሥር ቀኑ። የሐዲያ ዘመን መለወጫ የሆነው ያሆዴ በዓል ደግሞ ሳምንት ቀረው። የሐዲያ ባህል ልብስ የሚያዙኝ ሁሉ እዚያ ገጽ ላይ ነበሩ፤ የማንም አድራሻ እጄ ላይ የለም። አምና እህቴ አስቴር «የደንበኞችሽን ኢሜይል መዝግቢ» ስትለኝ፣ «ሰውን እንደ ቀበሌ ልመርምር እንዴ? ነውር ነው!» ብዬ ተቆጥቻት ነበር። ለካ እሷ ሱቅ በጠበቀችልኝ ቀን ሁሉ እየጠየቀች የሠላሳ አንድ ሰው ኢሜይል በደብተር ጽፋ ኖሯል። ዛሬ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ወጣች። ለሁሉም ጻፍኩ። ቀድማ የመለሰችልኝ አንዲት የጊምቢቹ መምህርት ናት፦ «እህቴ፣ ድምፅሽ ሲጠፋ ሱቁን የዘጋሽ መስሎኝ የልጆቼን ልብስ ሌላ ቦታ አሰፋሁ።»

ነውርስ ይሄ ነው፤ ለደንበኛ ሳይናገሩ መጥፋት። የቀሩት ሠላሳው ገና አልመለሱም።