የእሁዱ ጀልባ

ኮርክ፣ ሰኞ ኦክቶበር 12 ቀን 1998

ውድ ወንድሜ ፊንባር፣

ዛሬ ጠዋት የፊልሙ ሰዎች የቤታችንን በር አረንጓዴ ቀቡት። መጽሐፍህ ላይ አረንጓዴ ነው ተብሏል አሉኝ። ቡናማ ነበር፤ አልተከራከርኳቸውም።

እማማ ደህና ናት። ጉልበቷ ደረጃ አላስወጣ ስላላት አልጋዋን ወደ ሳሎን አውርጄዋለሁ። ቶሮንቶ መብረድ ጀምሮ ከሆነ ደረትህን ጠብቅ።

ወይዘሮ ቱሚ ቀለሙን ልታይ ከደጇ ወጥታ፣ "ኮቨንትሪንስ ይቀርጹታል?" አለችኝ። አንተ ደሴቱ ላይ እስር ቤት ሳለህ እማማ ከቅዳሴ በኋላ፣ እንግሊዝ አገር ያለህ አስመስላ፣ "ከኮቨንትሪ ሰላም ብሎሻል" ስትላት የነበረውን እስከ ዛሬ አልረሳችም።

ከሰዓት በኋላ እማማን ሆና የምትጫወተው ኢታ ሻይ ልትጠጣ መጣች።

"እሁድ እሁድ በጀልባ ሲሄዱ ምን ይወስዱለት ነበር?" ብላ ጠየቀቻት።

"ኧረ እኔ ሄጄ አላውቅም፣ የኔ ልጅ" አለች እማማ። "ለሰፈሩ ሁሉ እንግሊዝ አገር ግንባታ ላይ ነው ብዬ፣ በምን ዓይኔ ጀልባ ልሳፈር? ጎብኔት ናት የምትሄደው።"

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። "እርስዎ እኮ ፊልሙ ላይ የሉም!"

"መጽሐፉም ላይ የለችም" አለች እማማ። "ፊንባር እኔን ላለማሳፈር ብሎ እኔ እንደሄድኩ አድርጎ ጻፈው።"

"ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው" አልኩ።

እማማ ግን አላቆመችም። "ካፖርቴን እለብስ ነበር። ባርኔጣዬንም። ልሄድ እነሳና ወጥ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ጎብኔት እስክትመለስ። ማንሳት ከፈለጋችሁ እሱን አንሱ።"

ካፖርቷን እንደለበሰች ማግኘቴን አስታውሳለሁ። በርዷት መስሎኝ ምድጃው ላይ ከሰል እጨምር ነበር።

ማታ ዳይሬክተሩ ኦሽን ደወለ። ኢታ ነግራዋለች። እናትየውን ወጥ ቤት አስቀምጦ ጀልባው ላይ እህትየውን ሊያሳፍር ይፈልጋል። በውላችሁ መሠረት ግን ያለ አንተ ፈቃድ ከመጽሐፉ መውጣት አይችልም። እኔንም ምን ትያለሽ አለኝ። ፊንባርን ጠይቀው አልኩት።

እማማን "ወይዘሮ ቱሚ ብትሰማስ?" ብላት፣ "ትስማ። በእሷ ፊት መዋሸት ሰልችቶኛል" አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እኔም ደክሞኛል፣ ወንድሜ፤ ስለ ፊልሙ ብቻ አይደለም።

የወሰንከውን ወስን፤ አልቀየምህም። እግዚአብሔር በሄድክበት ይከተልህ፤ የሚያወራህ ሰው የማታጣበት ቤት ይስጥህ።

ጀልባውን የተከራዩት ለሰኞ 26 ነው። እስከ አርብ 23 ይጠብቁሃል። በደወልክ ጊዜ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ።

እህትህ
ጎብኔት