የጭላሎ ይለፍ

ጥቅምት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ዛሬ ከአልማዝ ጋር ቀበሌ ሄድን። አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ጭላሎ ተራራን አብረን እንወጣለን ብዬ ለልጄ ቃል ገብቼላት ነበር። መንገዱ ሦስት ቀን ነው፣ መንገድ መሪያችንም አሰላ ይጠብቀናል። ያለ ይለፍ ወረቀት ግን ከከተማ አይወጣም። "የጉዞው ምክንያት" ለሚለው የቅጹ ጥያቄ ሦስት ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፦ ዘመድ ጥየቃ፣ ለቅሶ፣ ጠበል። ሊቀመንበሩ ፊት ስቆም ፈራሁና እውነቱን ጻፍኩ፦ ተራራ ለመውጣት።

አነበበና ቀና አለ። "ጋሼ፣ እንጦጦ ደጃፍዎ አይደል እንዴ?"

"እሱንማ ጠገብኩት" አልኩ።

አልማዝ ሳቋን ለቀቀችው። እሱም እየሳቀ ማኅተሙን መታልን።

ወረቀቱን ነጥቃኝ አቀበቱን ሮጠች። ልከተላት ብል ገና ሱቁ ጋ ትንፋሼ አለቀ። "አባዬ፣ ጭላሎ እኮ ነው የምንሄደው!" ትለኛለች ከላይ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ለጉልበቴ ማን ይለፍ ይሰጠው ይሆን...