እትዬ አስካለ ያየችው ብርሃን

ማክሰኞ፣ መስከረም 20። ማታ

ዛሬም ሰው ስጠይቅ ዋልኩ። ሰማይ ላይ ስለታዩት መብራቶች የሁሉም ወሬ የተለያየ ነው። ባለሱቁ ሸምሱ፣ ከአፍንጮ በር ወደ ምኒልክ አደባባይ በሰልፍ ሲሄዱ አየሁ ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ክብ ነበሩ ይላል። የት ቆመህ አየህ? ስለው፣ ሱቅ ውስጥ። በጣሪያው አሳልፎ አይቶ ይሆናል። ሰው ያየውንና የሰማውን ለምን አይለይም?

በሰልፍ የሚሄደው ሳተላይት ነው። ፊዚክስ የተማርኩት በከንቱ አይደለም። ግን ማን ይሰማል? የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ስለነበርኩ ሸምሱ ያሾፍብኛል፦ ጋሼ፣ ቆጣሪ ሊያነቡባቸው ነው እንዴ?

ረቡዕ፣ መስከረም 21

እህቴ እትዬ አስካለ ከሁሉም ባሰች። ባሏ ካረፈ ወዲህ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ሌላው ሰው መብራት ሲል እሷ ብርሃን ትላለች። መብራት በይ አልኳት፤ አሻፈረኝ አለች። በግራ በኩል ብልጭ ይላል፣ ዞር ስትል አብሯት ይዞራል። ይህ ምስክርነት አይደለም አልኳት።

ጎረቤት ግን እሷን ለመስማት ቤታችንን ሞልቶታል። ጊዮርጊስ ተገለጠላት እየተባለ ነው። ከሐዘኗ በኋላ ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው። ይሄም አናደደኝ።

አርብ፣ መስከረም 23። ከምሳ በኋላ

ትናንት ማታ ሰማዩ በደመና ተዘግቶ ነበር። ማንም ምንም አላየም። እሷ ግን ከቤ/ክ እንደተመለሰች፣ ትናንትም አየሁ አለች። ያዝኩሽ አልኩ በሆዴ። የት ሆነሽ? አልጋዬ ላይ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

«ታዲያ በምን አየሽው?»

«ዐይኔን ጨፍኜ ነዋ። ስጨፍን ይብሳል።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

አንተ ደብተር፣ የጻፍኩብህን ገልጬ አየሁ። ሰማይ አላለችም። አንዴም። ሰማይን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ከሰፈሩ ሁሉ በትክክል የመሰከረችው እሷ ናት፤ እኔ ቃሏን ሳርም ነበር።

ያው ዕለት፣ አመሻሽ

የዐይን ሐኪም ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ቀኝ ዐይኗን ሸፍነህ ጠይቃት አለኝ። ሸፈንኩ። የእጄን ግማሽ ብቻ አየች። በግራ በኩል እንደ መጋረጃ ያለ ጥቁር ነገር ወርዷል። የዕድሜ ነው ብላ ትታዋለች። ዶ/ሩ ብልጭታው ከዐይኗ ከራሱ ነው፣ ነገ ጠዋት ይዘሃት ና አለ፤ ከዘገየ የዐይኗ ብርሃን አይመለስም። ብርሃን አለ እሱም።

ነገርኳት። አልጮኸችም።

«የተሰጠኝን በሽታ አደረግህብኝ» አለችኝ።

ጸበሌን ልጨርስና እሄዳለሁ ትላለች። ሁለት ሳምንት! ልጮህ ነበር። ተውኩት። እኔ ስጮህ የምትሰማኝ መቼ ነው?

ቅዳሜ፣ መስከረም 24። ማለዳ

እንዲህ አልኳት፦ ለሐኪሙ ያየሽውን እንዳየሽው ንገሪው፤ ብርሃን በይው፤ እኔ አላርምሽም። ጸበሉንም ይዘሽ ሂጂ። አንተ አፍህን ትዘጋለህ? አለችኝ። እዘጋለሁ። ማልኩላት።

ነጠላዋን ለብሳለች። ሸምሱ መኪናውን አስነስቶ ደጅ ቆሟል። ጫማዋን እየፈለገች ነው፤ በግራዋ በኩል፣ እግሯ ሥር ነው ያለው። አላየችውም። ሄጄ ላቀብላት።