መብራቱ ይበራል፣ አያነብም

ረቡዕ

ዛሬም የመኪናው ቴፕ "ፍላሽ የለም" ይላል። ፍላሹ ተሰክቷል፤ ትንሿ መብራቱም በርታለች። ነቅዬ በሻሼ ጫፍ ጠረግሁት፣ መልሼ ሰካሁት። የለም።

ዘፈን ቢሆን እተወው ነበር። ያለበት የትራክተር ድምፅ ነው። አባዬ ዕድሜያቸውን ሁሉ በኮኪት እርሻዎች ትራክተር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አእምሯቸው ከከዳቸው ወዲህ መኪና ውስጥ የሚያስቀምጣቸው እሱ ብቻ ነው። የመኪናው ትልቅ ስፒከር ወንበራቸውን ከሥር ሲያነዝረው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ጸጥ ይላሉ። ካልሆነ በር ይከፍታሉ። ብቆልፈው መሪ ይይዙብኛል።

ሰኞ ጠዋት ጎንደር የጭንቅላት ምርመራ ቀጠሮ አላቸው። ስንት ደጅ የጠናሁበት ቀጠሮ።

ሐሙስ

ለያይቼ አየሁት። ፍላሹን የጎረቤት ባጃጅ ላይ ሰካሁ፤ አጓራ። ፍላሹ ደኅና ነው። የባጃጁን ፍላሽ እኔ መኪና ላይ ሰካሁ፤ ዝም። ጥፋቱ የዩኤስቢው ቀዳዳ ነው። ግን ስልክ ቻርጅ ያደርጋል! ግራ የገባኝ እሱ ነው።

ድምፁን በስልኬ ከፈትኩላቸው። "ይሄ ትንኝ ነው" አሉ። ከገበያ ትንሽ ስፒከር ገዛሁ። "ይሄ ደግሞ ወፈር ያለ ትንኝ።" ሳቄ መጣ። ብዙም አልቆየ።

ዓርብ

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ዑስማን ዘንድ ሄድኩ። ቴፑን ነቅሎ በባትሪ አየው። ቀዳዳው ውስጥ አራት ቀጫጭን ብረቶች አሉ፤ ሁለቱ የዳሮቹ ኃይል ይሰጣሉ፣ የሚያነቡት የመሐሎቹ ናቸው። የመሐሎቹ ተጨፍልቀዋል።

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እዚህ ውስጥ ቁልፍ የከተተው ማነው?"

አባዬ ናቸው። ባለፈው ውሃ ልገዛ ወርጄ ስመለስ በቤት ቁልፍ ዳሽቦርዱን ሲጎረጉሩ አገኘኋቸው። "ሞተር ላስነሳ ነው" አሉኝ። ቁልፉን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ዑስማን በመርፌ ሊያቃናው ሲል አንዱ ብረት ተሰበረ። "ኻላስ፣ አበቃ" አለ። ሌላ ቴፕ የሚመጣው ከጎንደር ነው። ጎንደር ለመሄድ መጀመሪያ ጎንደር መሄድ አለብኝ።

ቅዳሜ

የጎንደሩን አውቶቡስ ሹፌር እንዲወስደን ስጠይቀው፣ ገና ሳልጨርስ "ባለፈው መንገድ ላይ ያወረድኳቸው ሰውዬ አይደሉም?" አለ። ጤና ጣቢያ የማስተኛ መርፌ ጠየቅሁ፤ በዕድሜያቸው አንደፍርም አሉ። እውነታቸውን ነው። የቀረኝ መንገድ የለም።

አባዬ "አንተ ረዳት፣ ናፍጣ ሞላህ?" ይሉኛል። ሴት ልጃቸው መሆኔን ከረሱ ቆይተዋል። ሞልቻለሁ አልኩ። እውነትም ሞልቼ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እሑድ

እንደምንም ተነሳን። ከመተማ ዮሐንስ ሳንወጣ በሩን ከፈቱ። አቁሜ ዘጋሁ። ደገሙ። ቀጥለው መሪውን ያዙ። በቃኝ ብዬ ወደ ቤት ሳዞር፣ ከንዴቴ ማርሽ ሳልቀይር ነዳጁን ረገጥኩት። መኪናው በአንደኛ ማርሽ ጮኸ፣ ወንበሩ ተንቀጠቀጠ።

አባዬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉ።

መልሼ ወደ ጎንደር አዞርኩ። ሁለተኛ ሳስገባ "ረጋ በል! ማረሻው ይዘላል!" አሉ። አንደኛ መለስኩት።

ኮኪት ላይ አንድ ባለባጃጅ ጎናችን እየነዳ "እናቴ፣ በእግር ብትሄጂ አይሻልም?" አለኝ። መንገድ ዳር የቆሙት የቀን ሠራተኞች ሳቁ። አባዬ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "ውጣ ከመስመሬ!" አሉት።

ይህን የምጽፈው ኮኪትን አለፍ ብለን፣ ራዲያተሩ ፈልቶ ቆመን ነው። ውሃ ይዣለሁ። ዳገቱ ገና አልተጀመረም። በዚህ አካሄድ ለነገ ጠዋት አንደርስም ይሆናል፤ ራሴን አላታልልም።

አባዬ ከዛፍ ጥላ ሥር ተነሱ። "አንተ፣ ቀዘቀዘ?"

"ቀዝቅዟል፣ አለቃ።"

መጡ። ገቡ። በሩን ራሳቸው ዘጉት።