ፈረቃ የሚጠብቀው ምንጭ

መጋቢት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ደብተሬ፣ ዛሬም ሰላም ሳልላቸው ገባሁ። ድምፄ አልወጣ አለኝ። ጎረቤታችን እማማ ብርቄ ከጭቃ ቤታቸው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ጉልበታቸውን ውኃ ያስነካሉ። ምንጭ ፈልቆላቸዋል። በዚህ በጋ! በጾም የመጣ ጸበል ነው ይላሉ። ዙሪያውን በድንጋይ ከበውታል። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ጥርት ያለ ነው። ግን ከየት መጣ?

መጋቢት 11

ምንጩ ደረቀ። እማማ ብርቄ ከፍቷቸዋል። ምነው ዘሀራ፣ ምን አጥፍተን ይሆን አሉኝ። መሬት መሬት አየሁ። የኛም ቧንቧ ባዶ ነው። የውኃ ፈረቃው ዛሬ የላይ ሰፈር ነው።

መጋቢት 13፣ ጠዋት

ውኃ መጣ። ጀሪካን እየሞላሁ እልልታ ሰማሁ። ምንጩም ተመልሷል! ጸበል እንደኛ ፈረቃ ይጠብቃል እንዴ?

እናቴን የቧንቧችን መስመር በየት እንደሚገባ ጠየቅኋት። ድሮ ግቢው አንድ ስለነበር በእማማ ብርቄ ጓሮ ነው አለች። ምነው ጠየቅሽ? ዝም አልኩ። ዝም ማለት እችልበታለሁ።

ከሰዓት

ቧንቧችንን ሁሉ ዘጋሁ። ውጭ በር ላይ ያለውን ቆጣሪ ከፍቼ አየሁ። ትንሿ ቀይ ነገር ትዞራለች። ማን እየጠጣ ነው? አጠገቡ ያለውን መዝጊያ ጠመዘዝኩት። ቆመች። ሮጬ ወደ አጥሩ። ምንጩ ቀስ እያለ ሰመጠ። ደነገጥኩ። መልሼ ከፈትኩት።

መጋቢት 15

ቆጣሪ አንባቢው መጣ። ነጠላዬን እየጠመዘዝኩ ጠየቅኩት። እስከ ቆጣሪው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ በማንም ጓሮ ይለፍ፣ የሚያስጠግነው ባለቤቱ ነው አለ። ደግሞ ሳቀብኝ፦ "ቤት ልትገዢ ነው እንዴ?" ጆሮዬ ጋለ።

አባባ ለሰሊጥ ንግዱ ከሄደበት ከአይከል ገባ። ሁሉን ነገርኩት። መጀመሪያ ቀለደ፤ ቧንቧው የመንግሥት፣ ውኃው የመንግሥት፣ የኔ ሰሊጡ ብቻ ነው አለ። ቆጣሪ አንባቢው ያለውን ስደግምለት ግን ቀልዱን ተወ። ከዚያ፦ "ወላሂ ወጪው አይደለም። እስላም ዶማ ይዞ ጸበል ሊቆፍር ገባ ቢባል፣ አገር ምን ይለኛል?"

እውነቱን ነው። እኔም አላሰብኩትም ነበር።

መጋቢት 17

ፈረቃው አልፏል፤ ምንጩ ደርቋል። የእማማ ብርቄ ግድግዳ ግን እንደራሰ ነው። ሆዱን ነፍቷል። በጣት ስነካው ይገባል። እማማ ብርቄ ዛሬ ጠሩኝ፣ ገባሁ። ለጸበሉ ቅርብ ልሁን ብለው አልጋቸውን እዚያው ግድግዳ ጥግ አስጠግተውታል! ጉልበቴን ፈታልኝ፣ የኔ ሸጋ፣ አሉኝ። ቆመው እየሄዱ አሳዩኝ።

የቧንቧ ውኃ ነው ብላቸው ጉልበታቸው ተመልሶ ይታመም ይሆን? ይኸን ሳስብ ዋልኩ። አላህ በቧንቧ ውኃ ማዳን ያቅተዋል? አያቅተውም።

ነገ ውኃ ይመጣል። እጃቸውን ይዤ ወደ ቆጣሪው እወስዳቸዋለሁ። መዝጊያውን ራሳቸው ይዝጉት፤ ምንጩን አብረን እናያለን። እሳቸው በአንደበታቸው ቆፍር ካሉት አባባ እምቢ አይልም። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም።

ከሁሉ በፊት፣ ጠዋት እንደነቃሁ፣ ግድግዳው ቢናድ እንዳያገኛቸው ሄጄ አልጋቸውን ከሥሩ እስባለሁ። አልጋ ለመሳብ መናገር አያስፈልግም።